የእህል ኬላና የጉምሩክ በር፦ ዱከም በኢኮኖሚ ሥርዓት ለውጥ ዘመን

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዱከምን አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድም የተዘረጋው በዚሁ አቅጣጫ ነው። የአድአ ማኛ ጤፍ ወደ ርዕሰ ከተማው የሚጓዘው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ሸቀጥም ወደ መሐል ሀገር የሚገባው በዚሁ መስመር ነው። ስለሆነም የሀገሪቱ የንግድ ሕግ በተለወጠ ቁጥር ለውጡ በዱከም በር ማለፉ አልቀረም።

በትምህርት ቤቶች ግን ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ተጠቅልሎ ይቀርባል። እስከ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ድረስ የዕዝ ኢኮኖሚ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነፃ ገበያ ነበረ ይባላል። አከፋፈሉ ለፈተና ይመቻል፤ ለማስተዋል ግን አይረዳም። ምክንያቱም «ነፃ ንግድ» በሚለው አንድ ስያሜ ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው የአንድ ሀገር ሰዎች እርስ በርሳቸው ያለ ኬላ መነገዳቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሀገሪቱ ከሌሎች ሀገሮች ጋር የምትነግድበት ደንብ ነው። እነዚህ ሁለቱ በኢትዮጵያ አንድ ላይ አልመጡም፤ አንዱም ሌላውን ተከትሎ የመጣው በግማሽ ብቻ ነው።

የዕዝ ኢኮኖሚው አመሠራረት በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ታላላቅ ፋብሪካዎች በጥር፣ የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ደግሞ በሐምሌ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ባለሀብትን ካፒታል ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር፣ ለጅምላ ንግድ 300,000 ብር፣ ለችርቻሮ 200,000 ብር እንዳያልፍ ወሰነ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚነግሩት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዝርዝር ነው። የአድአን ገበሬ ሕይወት በቅርብ የነካው ግን እህሉን የመሸጥ ጉዳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየተደለደለለት እህል በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ጀመር። የሚከፍለው ዋጋ ከአዲስ አበባ የገበያ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ድርጅቱ የሰበሰበው እህል ለጦር ሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ተቋማትና በቀበሌ ሱቆች አማካይነት ለከተማ ነዋሪ ይከፋፈል ነበር። ነጋዴውም ቢሆን ከገዛው እህል ከፊሉን ለድርጅቱ በተወሰነው ዋጋ የማስረከብ ግዴታ ተጥሎበት ነበር። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚዘዋወር እህል በየኬላው ይፈተሻል፤ የይለፍ ወረቀት የሌለውም ይወረሳል። ሰብሉ የተበላሸበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። ከዚህ የበለጠ የዕዝ ኢኮኖሚን ባሕርይ የሚያስረዳ ምሳሌ መፈለግ ድካም ነው።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው በግንቦት 1983 ዓ.ም. አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ራሱ የደርግ መሪ የነበሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ መታወጁን ሲገልጹ ኮታው ቀረ፤ የእህል ዝውውር ቁጥጥርም ተነሣ። ስለዚህ የአድአ ጤፍ ያለ ይለፍ ወረቀት በዱከም ሲያልፍ አሮጌው መንግሥት ገና በሥልጣን ላይ ነበር። ተማሪው ይህን ካላወቀ የኢኮኖሚ ሥርዓት የሚለወጠው መንግሥት ሲለወጥ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል።

ኢትዮጵያ በተመልካችነት ትሳተፍበት የነበረው የሶሻሊስት ሀገሮች የጋራ ኢኮኖሚ መረዳጃ ምክር ቤት፣ ማለት ኮሜኮን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1991 በቡዳፔስት እንዲፈርስ ተወሰነ፤ ይህም ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ልክ በወሩ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። በሶቪየት እርዳታ በናዝሬት የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ የሆነው ቡና በነዚያ ዓመታትም ቢሆን በብዛት ይሸጥ የነበረው ለምዕራባውያን ገበያ ነበር። የሶሻሊስቱ ገበያ መፍረስ በኢትዮጵያ ላይ ያስከተለው ድንጋጤ በቀድሞዎቹ የሶቪየት ሪፐብሊኮች ላይ ከወረደው ጋር የማይመጣጠነው ስለዚህ ነው።

በሪፐብሊኮቹ የሆነው የኢትዮጵያ ተቃራኒ ነው ቢባል ያስኬዳል። አሥራ አምስቱም በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ ገንዘብና ያለ ጉምሩክ ይሠሩ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ከሌላው ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ግን ኬላ ባልነበረበት ቦታ የጉምሩክ በር ቆመ። ሩስያ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1992 የአብዛኛውን ሸቀጥ ዋጋ ከቁጥጥር ነፃ አወጣች፤ በሐምሌ 1993 ደግሞ አሮጌውን የሶቪየት ሩብል ከዝውውር ስታወጣ የጋራው የገንዘብ ቀጠና ፈረሰ። ስለዚህ ለእነዚህ ሀገሮች የነፃ ንግድ ውል ማለት አዲስ በር መክፈት ሳይሆን የተዘጋውን መልሶ መክፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 የፈረሙትን የነፃ ንግድ ስምምነት ሩስያ ሳታጸድቀው ቀረች፤ አዲስ ውል የተፈረመው በጥቅምት 2011 ነው። የባልቲክ ሀገሮች ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ። እዚህ ላይ የኢስቶኒያ ነገር ልብ ይባል፤ ቀረጥን ከሞላ ጎደል ፈጽማ አስቀርታ ስለነበር፣ ኅብረቱን ስትቀላቀል እንደገና ቀረጥ መጣል ግድ ሆነባት።

ለኢትዮጵያ መምህር ይህን ለማስረዳት ከሩብሉ የቀረበ ምሳሌ አለ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላም ሁለቱ ሀገሮች በአንድ ብር ይገበያዩ ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ንግዱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ፈነዳ። የጦርነቱ መንስኤ ገንዘብ ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን አንድ የነበረ ገበያ ሲከፈል ደንቡን አስቀድሞ በውል አለማሰር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሁለቱም ወገን ታይቷል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ በአሰብ መሆኑ ቀርቶ በጅቡቲ ላይ ተደገፈ።

ወደ ውጭው በር እንመለስ። የሽግግሩ መንግሥት በኅዳር 1984 ዓ.ም. አዲስ የኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጣ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከፍ አለ። እስከ 230 በመቶ ይደርስ የነበረው ከፍተኛው የገቢ ዕቃ ቀረጥ በአሥር ዓመት ያህል ውስጥ ወደ 35 በመቶ ወረደ። ይህ ሁሉ በገዛ አዋጅ የተደረገ እንጂ ከሌሎች ጋር በተፈረመ የነፃ ንግድ ውል የመጣ አይደለም። እንዲያውም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ማለት ኮሜሳ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 የነፃ ንግድ ቀጠናውን በዘጠኝ ሀገሮች ሲጀምር ኢትዮጵያ አባል ሆና ሳለች ከቀጠናው ውጭ ቀረች። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆንም በጥር 1995 ዓ.ም. አመለከተች፤ ከ20 ዓመት በኋላ ድርድሩ ገና አላለቀም ነበር። ኪርጊዝስታን እ.ኤ.አ. በ1996 አመልክታ በ1998 ገብታለች። መፍጠን ብቻውን ግን አያስመሰግንም።

የዱከም ኢንዱስትሪ የተነሣው በዚህ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቻይና መንግሥት በውጭ ሀገር እንዲቋቋሙ ከመረጣቸው የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች አንዱ በቻይናውያን ባለሀብቶች በዱከም ተመሠረተ፤ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ተባለ። ኹዋጂያን የተባለው የጫማ ፋብሪካ በዚያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ገበያው አሜሪካና አውሮፓ ነበር። ወደ አሜሪካ የሚላከው ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው አጎአ በሚባለው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ የራሱ የስሪት ሀገር ደንብ አለው፤ በመደበኛው ደንብ መሠረት ከዕቃው ዋጋ ቢያንስ 35 በመቶው ከተጠቃሚ ሀገሮች መገኘት ይገባዋል። «ነፃ» የተባለ ንግድ ሁሉ እንዲህ ያለ ስሌት በውስጡ አለው፤ የመማሪያ መጻሕፍት ግን ይህን እምብዛም አያነሡም።

አጎአ ግን ውል አልነበረም። የአንድ ወገን ችሮታ ነበር፤ ተጠቃሚውንም በየዓመቱ የሚወስነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት በማድረግ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከዝርዝሩ አስወጣ። ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትልቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ቀደም ብሎ መውጣቱን አስታውቆ ነበር። በማግስቱ ያው ሠራተኛ በያው መኪና የሰፋው ያው ዕቃ ሙሉ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነ። ውልም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ዩክሬን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያደረገችው የነፃ ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2016 ሥራ ላይ ሲውል ሩስያ በዚያው ቀን ከእርሷ ጋር የነበራትን ነፃ ንግድ አቋረጠች። ልዩነቱ የተጎዳው ወገን የሚከራከርበት የተጻፈ አንቀጽ መኖሩ ነው።

የአድአ ገበሬስ? ከኮታ ነፃ የወጣው ጤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ተከለከለ። ከውጭ በመጣ ማሽን የሚሠራው ጫማ ከዱከም ተነሥቶ ባሕር ሲሻገር፣ ከአጥር ማዶ የበቀለው ጤፍ እንጀራ ካልሆነ በቀር ድንበር አይሻገርም ነበር ማለት ነው። ክልከላው የከተማውን ሸማች ከዋጋ ንረት ለመጠበቅ የተደረገ ስለሆነ ምክንያት የለውም አይባልም፤ ሩስያም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 በድርቅ ሳቢያ የስንዴ ንግዷን ወደ ውጭ ዘግታለች። ነገር ግን ለከተማው ርካሽ እህል ማቅረቢያው ወጪ አሁንም በገበሬው ትከሻ ላይ መሆኑን ልብ ላለ ሰው፣ ከኮታው ዘመን ጋር ያለው ዝምድና አይሰወረውም። ኡዝቤኪስታን የጥጥ ኮታዋን ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ከኢትዮጵያ የእህል ኮታ በኋላ 30 ዓመት ቆይታ።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ይህን ምዕራፍ ሲያሻሽሉ በዱከም፣ በሞጆና በአዳማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ተማሪዎች ኮታ ያስረከቡ ገበሬዎችን፣ በየኬላው የተፈተሹ የእህል ነጋዴዎችንና የኬላ ሠራተኞችን ጠይቀው ቃላቸውን መመዝገብ ይችላሉ። ይህ ሥራ መቸኮልን ይጠይቃል፤ በ1972 ዓ.ም. የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ የአድአ ገበሬ ዛሬ ዕድሜው ከ75 ዓመት በላይ ነው።