ኤንትሬን በኪሎ አትሽጡት

ስሙኝማ! ዛሬ የመኪና ታሪክ ልተርክላችሁ ነው። መኪና ያለ ሰው አይሄድምና የሰውም ታሪክ አለበት።

ነገሩ ከትሬንታ ኳትሮ ይጀምራል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር፣ ስንቁንና ጥይቱን ከምጽዋ ወደብ አንስተው ሽቅብ ካወጡለት መኪናዎች አንዱ ይኸው ትሬንታ ኳትሮ፣ ማለትም ፊያት 634 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ የሚጠጣ ግዙፍ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪናው እዚሁ ቀረ። ጌታው ቢሸነፍም እሱ ሥራ አልፈታም፤ እህልና ጨው፣ ቡናና ቆዳ ይጭን ገባ። በጣሊያን ጋራዥ ቁልፍ ያቀብሉ የነበሩ ልጆቻችንም መካኒክ ሆነው ብቅ አሉ። እስከ ዛሬ ጋራዥ ስትገቡ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ ሲባል የምትሰሙት ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ከዚያ ኤንትሬ መጣ። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ እኛ ዘንድ ስሙን የተከለው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የደረሰልን ኤን ሦስት ሆነ። ሦስት በጣሊያንኛ ትሬ ነውና እኛ "ኤንትሬ" ብለን ዘጋነው። አፍንጫ የለውም። ከ10 ሊትር በላይ የሆነው ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሾፌሩና በረዳቱ መሀል ተቀምጧል። ደጋ ላይ እግር ያሞቃል፤ አፋር በረሃ ሲገባ ግን ያ ሙቀት ዕዳ ነው። የብዙዎቹ መሪ በቀኝ በኩል ነው። የድሮ የጣሊያን ከባድ መኪና እንዲያ ይሠራ ነበር፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ በዓይኑ እያየ እንዲሄድ። እኛም ብንሆን እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ድረስ በመንገዱ ግራ ነበር የምንነዳው።

አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ኤንትሬ ተሳቢውን እየጎተተ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ማርሹ በዋዛ አይገባም። ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ ነው የሚያስገቡት። ያልሰማ ሾፌር ካምቢዮውን ያስጮኸዋል፤ ካምቢዮ ሲጮህ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ረዳቱስ? የጣርማ በርን ዳገት ሲወጡ መኪናው ትንፋሽ ካጠረው፣ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ታኮ የዘገየ ዕለት መኪናውም፣ ጭነቱም፣ ሰዉም ገደል ነው። ስንቱ ስመ ጥር ሾፌር ሙያውን በዚያች ታኮ ጀመረ!

ታዲያላችሁ፣ እንዲህ ያለ መኪና ሲሞት አንድ ቦታ አይቀበርም። ባሌስትራው ለቀጥቃጭ ይሸጥና ማረሻ፣ ገጀራ፣ ቢላዋ ይሆናል። ጎማው ተቆርጦ በረባሶ፣ ካላማዳሪው ተሰንጥቆ የጭነት ማሰሪያ ይወጣዋል። የጋቢናው ላሜራ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃና ሳጥን ሆኖ ይመለሳል። ደህና ዕቃ የተረፈው እንደሆነ ሶማሌ ተራ ተፈትቶ ለሌላው ወንድሙ መለዋወጫ ይሆናል። የቀረው ሻንሲ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ይነዳል፤ በዓመቱ የፎቅ ቤት ፌሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አሮጌ ኤንትሬ ላድስ ያለ ሰው መከራው እዚህ ላይ ነው፤ የሚፈልገው ዕቃ አንዳንዱ ማሳ ላይ፣ አንዳንዱ ማጀት ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ቃሊቲ ልውሰዳችሁ። እዚያ ካሉት ጋራዦች ባንዱ ግቢ ጥግ ላይ፣ ሥሩ ሣር የበቀለበት፣ ጎማው የተነፈሰ ኤንትሬ ቆሟል። ባለቤቱ አርፈው ልጃቸው ወርሶታል። ብረት ገዢው ዋጋ ጠርቷል፤ ልጁም ሊስማማ ነበር። እናት ናቸው የከለከሉት። "አባትህ አምስታችሁን ያሳደገው በዚህ ነው፤ እኔ በቁሜ አይመዘንም" አሉ። አበቃ። ልጁ ሰባውን ያለፉ መካኒክ ፈልጎ አመጣ።

"ጋሼ፣ ይሄን አሮጌ ሞተር አውጥተን ዘመናዊ ብናስገባበትስ? መሪውንም ወደ ግራ ብናዞረው?" አላቸው።

ሽማግሌው በመኪናው ዙሪያ ዞር ዞር አሉና "ልጄ፣ ሞተሩን ቀይረህ መሪውን ካዞርክ የአባትህ የሚቀርህ ታርጋው ነው። እንዲያ ከሆነ ሽጠውና ሌላ ግዛ" አሉት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ "የፍሬኑን ግን ጎሚኒውንም ቱቦውንም በአዲስ እንቀይራለን። በፍሬን ትዝታ የለም" ሲሉ ጨመሩ።

ሥራው ተጀመረ። ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ ፒስቶኖቹ ደርቀው ተጣብቀዋል። ወጣት ቢሆን በጉልበት ሊያዞረው ይታገል ነበር፤ እሳቸው ኖዝሎቹን አስፈትተው፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለው በየቀዳዳው አፈሰሱና "በሉ ተዉት" ብለው ሄዱ። በየማለዳው እየመጡ ቮላኖውን በረጅም ብረት ነካ ያደርጉታል፤ እምቢ ሲል ጨምረውለት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ብረቱ በጣት ስፋት ያህል ሸተት አለ። የግቢው ልጅ ሁሉ ጮኸ። እሳቸው "ገና ነው" ብቻ አሉ።

ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ወረደ። ቀጥ ያለ ብረት በላዩ አጋድመው በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አጎንብሰው አዩ፤ አለፈ። ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። የፒስቶኖቹ ፋሻም ተለወጠ። በቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮን ከሶማሌ ተራ አገኙት። ለውሃ ፓምፑ ክዳን ግን የሚሆን ጠፋ። ሽማግሌው ወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት አስመጡና ብረቱ ላይ ዘርግተው፣ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ኳ ኳ ያደርጉት ጀመር። የብረቱ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ቆረጠው፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹም አንድ በአንድ ተበሱ። መቀስ አልነካውም። ሲነሣ ልክ የክዳኑ ጥላ ሆኖ ወጣ። ቴስታታው ሲታሰርም "ከመሀል ጀምር፣ ወደ ዳር ውጣ፤ ባንድ ጊዜ አታጥብቅ፣ ሦስቴ ተመላለስ" እያሉ ረዳታቸውን ይቆጣሉ። ከዳር የጀመረ ሰው ቴስታታውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ቴስታታ ውሃና ዘይት ያደባልቃል፤ ከዚያ በኋላ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ከናፍጣው መስመር አየሩን እያወጡ፣ ቡሎኑን ላላ አድርገው የእጅ ፓምፑን እየገፉ፣ አረፋው እስኪጠፋ ጠበቁ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አጉረመረመና ጠፋ። ደግሞ አጉረመረመ። በሦስተኛው ግቢውን በነጭ ጭስ ሞልቶ ተነሣ! ልጁ እልል ሊል ሲቃጣው ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ረጅም ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቀጥለው የኖዝሎቹን ቱቦ በተራ ላላ እያደረጉ አዳመጡ። የሚሠራው ሲሊንደር ቱቦው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይደክማል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁ አልተለወጠም። "ይኼ ሰነፍ ነው፤ አምስቱ ናቸው የሚሸከሙት" አሉ። ኖዝሉ ተፈትቶ ተጠረገ፤ ስድስቱም እኩል ገቡ።

ላሜራ ሠሪው ጋቢናውን አቃንቶ ቀለም ቀባው፤ ቀጥቃጩ የላላውን ባሌስትራ በእሳት አጉብጦ መለሰው። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ጉዞ ሆነ፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ ሽቅብ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ዋሻ ጨርሰው ቁልቁለቱ ሲጀምር ልጁ ማርሹን ሊያቀል እጁን ሰደደ። "በምን ማርሽ ነው እዚህ ዳገት የሚወጣው?" አሉ ሽማግሌው። "በሁለት።" "እንግዲያው በሁለት ውረድ፤ ፍሬኑን ለሚቸግርህ ቀን አስቀምጠው።" በሁለት ወርደው ደብረ ሲና ገቡ፤ ቆሎ ገዝተው ተመለሱ።

እንግዲህ አንድ ቃል ልበላችሁ። ኤንትሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀው ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በቁልፍና በጆሮ የሚጠገን ስለሆነም ነው። ያ ጆሮ ያላቸው ሰዎች እያረጁ ነው፤ የሚያውቁት ደግሞ በየትኛውም መመሪያ ላይ ሙሉ ለሙሉ አልተጻፈም። ጣሊያን ውስጥ 682ን አድሰው በሰልፍ የሚያወጡ አፍቃሪዎች አሉ። እኛ እድሜ ልኩን ያሠራነው ሰዎች ዝም ብለን በሚዛን ማስረከብ አይገባንም። በግቢያችሁ የአባታችሁ ኤንትሬ ወይም ትሬንታ ኳትሮ የቆመ ካለ፣ ብረት ገዢውን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጥሩ፤ ወጣት መካኒክም አጠገባቸው አቁሙ፤ የሚሉትን ቅዱ፣ ጻፉ። ማደስ ባትችሉ እንኳ ለሚያድሰው አሳልፋችሁ ስጡት። ሙዚየም የምትመሩም፣ አገሪቱን ተሸክሞ ለኖረ መኪና አንድ ቦታ አታጡለትም።