ትንሽ የስፖርት ሞተርሳይክል

ትንሽ የስፖርት ሞተርሳይክል የሞተሩ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ሲሲ የሆነ፣ እንደ ውድድር ሞተርሳይክል ፊቱ በነፋስ መከላከያ የተሸፈነና አሽከርካሪው ወደፊት ጎንበስ ብሎ የሚነዳው ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። ከትልልቆቹ የስፖርት ሞተርሳይክሎች ይልቅ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ በብዙ አገሮች ጀማሪዎች ይመርጡታል። በአውሮፓ ኅብረት ከ18 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው የኤ2 መንጃ ፈቃድ እስከ 35 ኪሎዋት ጉልበት ያለው ሞተርሳይክል ለመንዳት ያስችላል፤ የዚህ መደብ ሞተርሳይክሎች ብዙዎቹ ከዚህ ወሰን አያልፉም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከትልልቆቹ ወደኋላ ይቀራል፤ ኩርባ በበዛበት የተራራ መንገድ ግን ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የአሽከርካሪው ችሎታ ይወስናል።

ታሪክ

ከዚህ ዓይነት ሞተርሳይክሎች በሰፊው ከታወቁት አንዱ የጃፓኑ ካዋሳኪ ኩባንያ የሠራው ኒንጃ 250 ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያ የቀረበ ሲሆን፣ 248 ሲሲ የሆነ በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። በ1988 ከታደሰ በኋላ እስከ 2007 ድረስ በአሜሪካ ብዙም ሳይለወጥ ተሸጧል። ሆንዳ በ2011 ባለአንድ ሲሊንደር የሆነውን ሲቢአር 250አር፣ ያማሃ ደግሞ በ2015 ባለ 321 ሲሲውን አር3 ለዚሁ ገበያ አቀረቡ። ካዋሳኪም በበኩሉ መጠኑን በመጀመሪያ ወደ 296፣ በ2018 ደግሞ ወደ 399 ሲሲ አሳድጓል።

በኩርባ ላይ አነዳድ

ሞተርሳይክል የሚታጠፈው ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጎን በማዘንበል ነው። የማዘንበሉን መጠን የሚወስኑት በዋናነት ፍጥነቱና የኩርባው ጥበት ናቸው፤ የሞተርሳይክሉ ክብደት ለውጥ አያመጣም። ለምሳሌ ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚያልፍ ሞተርሳይክል በስሌት 21 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ፍጥነቱ ወደ 70 ኪሎሜትር ከፍ ቢል 38 ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል። የ20 ኪሎሜትር ጭማሪ ማዘንበሉን በእጥፍ ሊቃረብ ያሳድገዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ኩርባው ውስጥ ከመገባቱ በፊት ነው። አሽከርካሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ከዚያም ዓይኑን ወደ ኩርባው መውጫ ያሳርፋል። ሞተርሳይክል አሽከርካሪው ወደሚያይበት የመሄድ ዝንባሌ አለው፤ ጠጠሩን ወይም ገደሉን ትኩር ብሎ የሚመለከት ሰው ብዙ ጊዜ ወደዚያው ያመራል።

ከዝግታ ጉዞ ባለፈ ፍጥነት ማዘንበል የሚጀመረው በተቃራኒ በመምራት ነው። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪው ቀኝ እጀታ ወደፊት ይገፋል፤ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ሲዞር ሞተርሳይክሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከአውሮፕላን ፈጣሪዎቹ አንዱ የነበረውና ብስክሌት ይሠራ የነበረው ዊልበር ራይት ይህንኑ ነገር በብስክሌት ላይ አስተውሎ ነበር። በኩርባው ውስጥ ነዳጅ በእርጋታና ሳይቆራረጥ ይሰጣል። ኩርባ መሐል በድንጋጤ የፊት ፍሬን አጥብቆ መያዝ ግን ጎማውን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጎማው መንገዱን የመቆንጠጥ አቅሙን ለመታጠፍና ለማቆም ይካፈለዋልና።

ታዋቂ መንገዶች

በአሜሪካ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና ድንበር የሚገኘው የ129 ቁጥር አውራ ጎዳና ክፍል «የዘንዶው ጅራት» ይባላል። 18 ኪሎሜትር ገደማ በሚሆን ርቀት ውስጥ 318 ኩርባዎች እንዳሉት ይነገራል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ማይል ወይም 48 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ ትንሽ ሞተርሳይክል ጉልበት አያንሰውም። መንገዱ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ኩርባው ከፊት ምን እንዳለ ይሸፍናል። የካልደርዉድ ሐይቅና ግድብ የሚታዩበት ማረፊያ ስላለ፣ ቁልቁለቱን ማየት የፈለገ እዚያ ቆሞ ያያል። ዲልስ ጋፕ በተባለው ቦታ ከወደቁ ሞተርሳይክሎች የተሰበሰቡ ስብርባሪዎች የተንጠለጠሉበት «የሀፍረት ዛፍ» ይገኛል።

በአቅራቢያው በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቸሮሃላ ሰማይ መንገድ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። ኩርባዎቹ ሰፋፊ በመሆናቸውና የተራሮቹ ሰንሰለት ከሩቅ ስለሚታይ ለረጅም ጊዜ ተረጋግቶ ለመንዳት ይመቻል።

አደጋና ሥልጠና

የሞተርሳይክል አደጋን በጥልቀት ከመረመሩት ጥናቶች ስመ ጥሩው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተካሂዶ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሚሆኑ አደጋዎች ከቦታው ተመርምረዋል። ሌላ ተሽከርካሪ ባልተሳተፈባቸው አደጋዎች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአሽከርካሪው ስህተት የደረሱ ነበሩ። የተለመዱት ስህተቶች ፍሬን ከልክ በላይ ይዞ ተንሸራትቶ መውደቅና ከፍጥነት ወይም በበቂ ካለመታጠፍ የተነሳ ከኩርባው መውጣት ናቸው። አደጋ ከደረሰባቸው አሽከርካሪዎች 92 በመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር።

በዚህ ምክንያት በብዙ አገሮች የሚሰጡ የጀማሪ ሥልጠናዎች ተማሪውን ወደ ተራራ መንገድ ከመላካቸው በፊት በባዶ ሜዳ ፍሬን አያያዝን፣ አስተያየትንና በተቃራኒ መምራትን ያለማምዳሉ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማም ለአጭር ጉዞ ጭምር ይመከራሉ።