ልስን የማይሸፍነው

ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። አዲስ አበባ፣ ቡልቡላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ጥቁር አፈር ላይ የተጀመረ ቤት። ባለቤቷ ታላቅ እህቴ ናት። ወጣትነቷን ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት ጨረሰች፤ የሰው ልጅ አሳደገች፣ የሰው ወለል ወለወለች። ያጠራቀመችውን ይዛ ስትመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ ጣራዋ ሥር ማርጀት።

ኮንትራክተሩን ያገኘነው በሰው በሰው ነው። ስሙን አልጠራም። አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ እህቴን «እትዬ» ሳይል አንድ ቃል አይወጣውም። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። ዋጋው ከነማቴሪያሉ ቁርጥ፣ ቅድሚያ ክፍያው የጠቅላላው ሲሶ።

እውነት ለመናገር፣ መሠረቱን ደህና አድርጎ ነው የጀመረው። ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፤ ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በተመረጠ አፈር፣ መተካትና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ያን አደረገ። እህቴም እጆቿን ዘርግታ መረቀችው።

ከዚያ ሰውየው ጠፋ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። የተነሳ ቀን ደግሞ ምክንያት አያጣም፤ ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ፣ ፌራዮው ለበዓል አገሩ ገባ፣ ሚክሰሩ ተበላሸ። «ነገ ጠዋት ሳይት ላይ ያገኙኛል፣ እትዬ።» እሷ በማለዳ ሄዳ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። የሚመጣ የለም። ዘበኛው አዝኖላት ሻይ ያፈላላታል። በኋላ እንደሰማነው፣ ተበላሸ የተባለው ሚክሰር ሌላ ሰፈር፣ የሌላ ሰው ቤት ላይ ኮንክሪት እያቦካ ነበር። በአንዱ ቅድሚያ ክፍያ የሌላውን ቤት መጨረስ፣ ያን ክፍተት ደግሞ በሦስተኛው ሰው ገንዘብ መድፈን! በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሐቀኞች ራሳቸው የሚያለቅሱበት ነገር ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ እሑድ እህቴ ቅዳሴ ላይ ሳለች ኮንትራክተሩ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የምድር ቤቱን ኮለኖች ሞላቸው። ፌሮውን ማንም አላየም። ካሳፎርማው ሲነሳ የኮለኖቹ እግር ወንፊት ሆኖ ተገኘ፤ ጠጠሩ ተራቁቷል፣ ፌሮው ብቅ ብሏል። ውሃ የሚያጠጣም አልነበረም። አዲስ ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበት ይፈልጋል፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የእህቴ ኮለኖች በግንቦት ፀሐይ ደረቁ።

«ልስን ይሸፍነዋል፣ እትዬ» አላት።

ጎረቤት ጡረታ የወጡ መሐንዲስ አሉ። ለምነን አመጣናቸው። መዶሻና መሮ አስመጥተው አንዱን ኮለን አስፈለፈሉት። ፕላኑ ስታፋው በየ15 ሳንቲ ሜትር ይታሰር ይላል፤ የተገኘው ከ30 በላይ ተራርቆ ነው። መሐንዲሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ቋሚውን ፌሮ ጠፍሮ የሚይዘው ስታፋው ነው። ጭነት ሲበዛ፣ መሬት ሲነቃነቅ፣ እሱ ከሌለ ፌሮው ይጎብጣል» አሏት። ሌላ አልጨመሩም። እህቴ እዚያው ቁጭ አለች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፌሮ ዋጋ አሻቀበ። እህቴ ገንዘቧን ቀደም ብላ ወደ ብር መንዝራ ነበር። ወራት ጠፍቶ የከረመው ሰው ያን ጊዜ ራሱ ደወለ፤ ጭማሪ ይፈልጋል። የዋጋው መናር እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ሥራው በጊዜው ቢሠራ ኖሮ ፌሮው በድሮው ዋጋ ተገዝቶ ባለቀ ነበር። የራሱን መዘግየት እሷ እንድትከፍልለት ነው የጠየቃት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ኮለኖቹን በራሱ ወጪ አፍርሶ ሊሠራ ፈርሞ ሄደ። አልተመለሰም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። ስንቱ የቤት ባለቤት ይህን ያውቃል? እኛ የሰማነው ጠበቃ ቤት ገብተን ነው። የእኛ ኮንትራክተር ደግሞ ገና አላስረከበም፤ የሚያስረክበውም የለም። ስለዚህ የመሠረትነው ክስ የቆመው በውሉና በሽማግሌ ፊት በፈረመው ወረቀት ላይ ነው።

እህቴ ፍርዱን አልጠበቀችም። በቀራት ገንዘብ ኮለኖቹን አስፈርሳ በሌላ ባለሙያ እንደ አዲስ አሠራች። ታኅሣሥና ጥር 2017 በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በኪራይ ቤቷ ሆና በእኩለ ሌሊት ደወለችልኝ። «እንኳን አፈረስኳቸው» አለችኝ።

ቤት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ አደራ፤ ፌሮው ታስሮ ካሳፎርማው ሳይዘጋ ከኮንትራክተሩ ጋር የማይዛመድ መሐንዲስ አምጥታችሁ ስታፋውን አስቆጥሩ። እሱ ፈርሞ «ሙላ» ሳይል ኮንክሪት አይፍሰስ፣ ብርም ከእጃችሁ አይውጣ።