ሶላሪስ፦ ሁለት ሰዎች የተጣሉባት ፕላኔት

የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ታሪኩ ምድር ላይ ካልሆነ አይጥመውም፤ በሚያውቀው መንደርና ከተማ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ሲገባ ማየት ነው የሚወደው። ሌላው ደግሞ መንኮራኩሩ ከመሬት ካልተነሣ መጽሐፉን አይገልጥም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሽሮና የምስር ምርጫ ያህል ተቆጥሮ በሳቅ ይታለፋል። በ1969 መገባደጃ ላይ ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ሰዎች ሞስኮ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ለሳምንታት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻም አንዱ ሌላውን በሩሲያኛ «ዱራክ» ብሎት ወደ አገሩ ሄደ። ጅል ማለት ነው።

ተሳዳቢው የፖላንዱ ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም ነው። ተሰዳቢው የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ አንድሬ ታርኮቭስኪ። ያጣላቸው ደግሞ ሌም በ1961 ያሳተመው «ሶላሪስ» የተባለው ልቦለድ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ምድር የለችም ማለት ይቻላል። ታሪኩ ሲጀምር ክሪስ ኬልቪን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከትልቁ መንኮራኩር ለመውረድ እየተዘጋጀ ነው። ማን ሸኘው፣ ቤቱ ምን ይመስላል፣ እናት አባት አለው ወይ፣ አይነገርም። የሚሄደው ሶላሪስ ላይ ወደተንሳፈፈ የምርምር ጣቢያ ነው። ፕላኔቷን ከሞላ ጎደል የሸፈናት አንድ ውቅያኖስ ነው፤ ውቅያኖሱ ሕያው ነው፣ ምናልባትም ያስባል። የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ አጥንቶታል፣ ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ጽሑፍ ጽፎበታል፣ ግን ምን እንደሆነ አልገባውም። ሌም ለዚህ ምናባዊ ሳይንስ ታሪክ ብዙ ገጽ ሰጥቷል። ችኩል አንባቢ ዘሎት የሚያልፈው ክፍል ነው፤ የመጽሐፉ አከርካሪ ግን እሱ ነው።

ውቅያኖሱ በበኩሉ ተመራማሪዎቹ ሲተኙ በልባቸው ጓዳ የቀበሩትን ሰው ሥጋ አልብሶ ይልክላቸዋል። ለኬልቪን የመጣችለት ከዓመታት በፊት ራሷን ያጠፋችው ሃሪ ናት፤ በሞቷ ራሱን የሚከስባት ሴት። ለምን ተላከች? ለቅጣት ነው? ለስጦታ ነው? ለሙከራ ነው? መልስ የለም። የሌም ፍላጎትም ይኸው ነበር፦ ሰው የነገር ሁሉ መለኪያ መሆኑ የሚያበቃበት ቦታ። እንዲህ ያለውን ቦታ ምድር ላይ ማግኘት ስላልቻለ ነው ሩቅ የሄደው።

ታርኮቭስኪ መጽሐፉን ሲያነሣው የሳበው የውቅያኖሱ ምሥጢር ሳይሆን የኬልቪን ጸጸት ነበር። ጊዜው ለእሱ ክፉ ነበር፤ በ1966 የጨረሰው «አንድሬ ሩብልዮቭ» እንዳይታይ ተይዞበታል፣ ሌላ ያቀረበው የፊልም ጽሑፍም ተቀባይነት አጥቷል። ከፍሪድሪክ ጎሬንስታይን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የመጀመሪያ የ«ሶላሪስ» ረቂቅ ሁለት ሦስተኛው ምድር ላይ የሚካሄድ ነበር። ለኬልቪን ማሪያ የምትባል ሁለተኛ ሚስት ጨምሮለታል። አባት ሰጥቶታል፣ እናት ሰጥቶታል፣ አክስት ሳይቀር አምጥቶለታል። ሌም ይህን ሲያነብ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም፤ ቤት አልባ አድርጎ ያሰናዳውን ሰው ዘመድ አዝማድ ከበው ቁጭ ብለውበታል። ኋላ ላይ ስለዚያ ጊዜ ሲናገር፣ ሁለታቸው አንድ ጋሪ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ፈረሶች ይመስሉ ነበር ብሏል። የተሠራውም «ሶላሪስ» ሳይሆን «ወንጀልና ቅጣት» ነው ብሎ አማርሯል። ከሁሉ የከነከነችው ግን እናትየዋ ናት፤ በሩሲያኛ እናት ማለት ሩሲያ፣ የትውልድ አገር፣ ምድር ማለት ነው ይል ነበር።

ይህን ምሬት የመጽሐፍ ባለቤት ቅናት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ሌም በ1921 የተወለደው በልቮቭ ነው፤ ያኔ የፖላንድ፣ ዛሬ የዩክሬን ከተማ። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ በመሆኑ የናዚን ዘመን በሐሰተኛ መታወቂያ፣ በመካኒክነት ሥራ ተደብቆ አለፈው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከተማዋ ለሶቪየት ኅብረት ሆነች፤ የሌም ቤተሰብም ሁሉን ትቶ ክራኮቭ ገባ። እንዲህ ላለ ሰው፣ ሞስኮ ተቀምጦ ስለ እናት ምድር ናፍቆት መስማት ቀላል አይመስልም።

ፊልሙ በ1972 ወጣ፤ በካን ፌስቲቫልም የዳኞችን ልዩ ታላቅ ሽልማት አገኘ። ማሪያ ቀርታለች፣ የምድሩም ክፍል አጥሯል። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ወደ 40 ደቂቃ ገደማው ከምድር ሳይነሣ ያልቃል። ኩሬ ውስጥ የሚወዛወዝ ሣር፣ ጭጋግ፣ ፈረስ፣ በረንዳ ላይ የተረሳ የሻይ ስኒ፣ ስኒው ውስጥ የሚንጠባጠብ ዝናብ። የወደፊቱ ከተማ ሆኖ የሚታየው በ1971 የተቀረጸው የቶኪዮ አውራ ጎዳና ነው፤ መኪናው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያልቅም። ተመልካች ሊሰለቸው ይችላል፣ ደግሞም ይገባዋል። የሕዋው ጉዞ በአንጻሩ በቅጽበት ያልፋል። ጣቢያው ሲደርሱ ሰዎቹ የወረቀት ቁራጭ የአየር ማናፈሻው ላይ ያስራሉ፤ ሌሊት የቅጠል ድምፅ እንዲመስልላቸው።

ስለ መጽሐፉ ከሆነ ሌም ትክክል ነበር፤ ታርኮቭስኪ የሠራው ሌላ ነገር ነው። የፊልሙ መጨረሻ ግን ለሁለቱም አይመችም። ኬልቪን አባቱ ቤት ደጃፍ ላይ ይንበረከካል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ከውጭ ሳይሆን ከቤቱ ውስጥ ነው። ካሜራው ወደ ላይ ሲነሣ ቤቱም ኩሬውም ዛፎቹም ውቅያኖሱ መካከል ያለች ደሴት ሆነው ይታያሉ። ታርኮቭስኪ የናፈቃትን ምድር መልሶ አገኛት፤ የሠራት ግን ማንም ያልተረዳው የሌም ውቅያኖስ ነው።

ታርኮቭስኪ ራሱም በፊልሙ አልረካም። ሮኬቱና ጣቢያው ከዋናው ጉዳይ ሐሳብ የሚሰርቁ ሆነው ታይተውታል። የስትሩጋትስኪ ወንድማማቾችን ልቦለድ ይዞ «ስታልከር»ን (1979) ሲሠራ ከምድር ንቅንቅ አላለም፤ ከታሊን ብዙም ሳይርቅ ሣር፣ ውኃና የዛገ ብረት ቀርጾ ሌላ ዓለም አደረገው። በመካከሉ ለ«መስታወት» (1975) ልጅነቱን ያሳለፈበትን የገጠር ቤት ከድሮ ፎቶግራፎች አይቶ፣ በቀድሞው መሠረት ላይ እንደገና አስቁሟል።

ፖላንድ ውስጥ ወታደራዊ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሌም ወደ ምዕራብ በርሊን፣ ከዚያም ወደ ቪየና ሄደ። በ1988 ግን ክራኮቭ ወደሚገኘው ቤቱ ተመለሰ፤ በ2006 እዚያው አረፈ። ታርኮቭስኪ በ1982 «ኖስታልጊያ»ን ሊሠራ ጣሊያን ገባ፤ በፊልሙ የመጨረሻ ምስል የሩሲያ የገጠር ቤት በፈረሰ የጣሊያን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተከቦ ይታያል፣ በረዶም ይወርዳል። በ1984 ወደ ሶቪየት ኅብረት እንደማይመለስ ሚላኖ ላይ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በታኅሣሥ 1986፣ በ54 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረውም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የሩሲያ ስደተኞች መካነ መቃብር ነው።