ስንፍና የተባለው ሕመም፦ የእንቅልፍ አፕኒያ አጭር ታሪክ



ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1836 ማሳተም በጀመረው የፒክዊክ ልብ ወለድ ውስጥ ጆ የተባለ፣ ቆሞ የሚያንቀላፋ ወፍራም አሽከር አለ። አንባቢ ሳቀበት። በ1956 አሜሪካውያን ሐኪሞች መሰል ታማሚ ሲገጥማቸው ለሕመሙ ስም ያወጡለት ከዚያው መጽሐፍ ነበር፤ መንሥኤውን ግን በውፍረት ላይ ጣሉት። በ1965 የፈረንሳይና የጀርመን ተመራማሪዎች የታማሚዎችን እንቅልፍ ሲመዘግቡ ትንፋሻቸው ደጋግሞ እንደሚቋረጥ ተገነዘቡ። በ1981 ኮሊን ሰሊቫን በሲድኒ፣ በአፍንጫ በሚሰጥ የአየር ግፊት ጉሮሮን ክፍት ማቆየት እንደሚቻል አሳየ።

ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር የደም ኦክስጅን ይወርዳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይዋዥቃል፤ ትኩረትና ትውስታ ይጎዳሉ።

እኔም በክፍሌ ያንቀላፋ ተማሪ ገሥጬ አስወጥቻለሁ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ግን አልጠየቅሁትም።