ሰሙን የሚፈታ ሣጥን

ሙዚቃ ወዳድ ሰው የቤት ስቴሪዮ ሊገዛ ሲነሣ ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በማጉያው ጉልበትና በስፒከሩ ግዝፈት ላይ ነው። ከሁለቱም ቀድሞ ሥራውን የሚጀምረውን አንድ ጸጥተኛ ሣጥን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ፕሪአምፕሊፋየር ይሉታል፤ ቅድመ ማጉያ ብንለው ያስኬዳል። ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን እጅግ ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አስተካክሎና ከፍ አድርጎ ለዋናው ማጉያ ያስረክባል። ያገለገለ ቅድመ ማጉያ ለመምረጥ ስል የዚህን ሣጥን ታሪክ መመርመር ከጀመርኩ ወዲህ ነገሩ ከዕቃ ይልቅ ከንባብ ጋር እንደሚዛመድ ተረድቻለሁ። ሸክላ የተጻፈ ነገር ነውና አንባቢ ይፈልጋል፤ አንባቢው ደግሞ ይህ ሣጥን ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛችን ያንን ጥቁር ክብ ነገር «ሸክላ» ብሎታል። የቀደሙት ሸክላዎች ሼላክ ከሚባል፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር የሚሠሩ ነበሩና ከእጅ ሲያመልጡ እንደ ጀበና ይሰበሩ ነበር። ድምፁ መጀመሪያ የሚቀረጽበት ዋናው ገበታ ግን ሰም ነበር። መቅረጫው በሰሙ ላይ ፈር እያወጣ ይጽፋል፤ ሰሙ በብረት ይለበጣል፤ ከብረቱ ማተሚያ ይወጣል፤ በማተሚያው ሸክላው ይታተማል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ ነው። ምክንያቱም በኤሌክትሪክ ዘመን የተሠራ ሸክላ ላይ ላዩን ቢነበብ የሚሰማው ድምፅ ዘፋኙ ያሰማው ድምፅ አይደለም። ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ሌላ ነው።

ይህ የሆነው በግድ ነው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው፣ በሸክላው ላይ ሲቀረጽ መርፌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅግ ያወዛውዘዋል። እንዳለ ቢቀረጽ ፈሩ ከጎረቤቱ ፈር ጋር ይጋጫል፤ እንዳይጋጭ ፈሮቹን ብናራርቃቸው ደግሞ ሸክላው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ይሆናል። ቀጭኑ ድምፅ በተቃራኒው ደቃቅ ስለሆነ በሸክላው ገጽ ሽሽታ ይዋጣል። ስለዚህ ቀራጮቹ ሆን ብለው ወፍራሙን ያሳንሳሉ፣ ቀጭኑን ያጎላሉ። ሸክላው ሲጫወት ቅድመ ማጉያው ሥራውን በግልባጩ ይሠራል። ዛሬ በሚሠራበት ስምምነት መሠረት 50 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ ከ1,000 ኸርዙ ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ያህል ያጎላዋል፤ 10,000 ኸርዝ ላይ ያለውን ደግሞ ወደ አንድ አምስተኛ ያወርደዋል። የሸክላ ማጫወቻን እንዲያው ከማንኛውም ማጉያ ጋር ያገናኘ ሰው የሚሰማው ቀጭን፣ አጥንት የሌለው ድምፅ ምስጢሩ ይኸው ነው። ሰሙን እንጂ ወርቁን አልሰማም።

ጣጣው ግን ቀራጮቹ በምን ያህል እንደሚያሳንሱና በምን ያህል እንደሚያጎሉ ለረጅም ጊዜ አለመስማማታቸው ነበር። የኤሌክትሪክ ቀረጻ በ1925 ከተጀመረ በኋላ ኩባንያዎቹ የየራሳቸውን ልክ ይዘው ቆዩ። በ1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ ረጅም ሰዓት የሚጫወተውን ባለ 33 ዙር ሸክላ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት አርሲኤ ትንሹን ባለ 45 ዙር ይዞ መጣ፤ ውዝግቡም ከፍጥነት ወደ ፍጥነት ተሸጋገረ። አንዱን ሸክላ የሚፈታው ቁልፍ ሌላውን ያበላሽ ነበር። በመጨረሻ በ1954 የአሜሪካ የሸክላ ኢንዱስትሪ ማኅበር አንድ የጋራ ልክ አጸደቀ፤ እሱም ቀስ በቀስ የዓለም ሁሉ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የነበሩት ሠላሳ ዓመታት ግን የተዘበራረቁ ሰዋስዎች ዘመን ነበሩ።

ሶል ማራንዝ የተባለው ኒውዮርካዊ ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሙያው የሥዕላዊ ንድፍ ሥራ ሲሆን ጊታር መጫወትና ሙዚቃ ማዳመጥ ይወድ ነበር። በገበያ ያለው ዕቃ ስላላረካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመኖሪያ ቤቱ ተቀምጦ የራሱን ቅድመ ማጉያ ሠራ፤ «ኦዲዮ ኮንሶሌት» አለው። የዚህ ሣጥን ዋና ጥበብ የወፍራሙንና የቀጭኑን ማስተካከያ ለየብቻ በማዞሪያ መምረጥ ማስቻሉ ነበር። አድማጩ የሸክላውን ኩባንያ አይቶ የሚስማማውን ልክ ይመርጣል። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ሲበቃ የማራንዝ ኩባንያ «ሞዴል 7»ን አወጣ። የወረዳውን ንድፍ የሠራው ሲድኒ ስሚዝ ነው። በስድስት ቫልቮች የሚሠራው ይህ ሣጥን አዲሱን የጋራ ልክ ቢቀበልም ያለፈውን ዘመን አልዘጋበትም፤ ለአሮጌው የኮሎምቢያ ሸክላና ለባለ 78 ዙሩ የሚሆን ምርጫ በፊቱ ላይ አስቀርቷል። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ አዲስ ሕግ ሲወጣ አሮጌውን መጽሐፍ ያላቃጠለ ሰው በማግኘቴ ነው።

ሣጥኑ ከዋናው ማጉያ ለምን ተለየ? ከመርፌው ራስ የሚመጣው ድምፅ ከቮልት አንድ ሺህኛ አራት ወይም አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ዋናው ማጉያ ደግሞ በውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር አለው፤ በዙሪያውም እምም የሚል ረብሻ ይነዛል። የመብራት ኃይላችን የሚርገበገበው በ50 ኸርዝ ነው፤ ቅድመ ማጉያው ደግሞ ሰባት እጥፍ የሚያጎላው ያንኑ ሥፍራ ነው። ስለዚህ ደቃቁን ድምፅ ከጩኸተኛው ጎረቤት ማራቅ ጥበብ ሆነ። እንግሊዛዊው ፒተር ዎከር በኳድ ስም የሠራቸው፣ አሜሪካዊው ዴቪድ ሃፍለር በዳይናኮ ስም ገዢው በቤቱ ራሱ እንዲገጣጥማቸው ብሎ በርካሽ ያቀረባቸው ሣጥኖች ሁሉ ከዚህ ጥበብ የተወለዱ ናቸው።

በ1982 ሲዲ መጣ። ሲዲ ሰምና ወርቅ የለውም፤ ድምፁ እንዳለ ነው የሚቀመጠው፤ ማጫወቻውም ወደ ሁለት ቮልት የሚደርስ ጉልበት ያለው ድምፅ ያወጣል። እየዋለ እያደረ ሠሪዎች የሸክላውን መግቢያ ከቅድመ ማጉያው አወጡት። ቀጥሎ የጭረት ድምፅ ማጣሪያው ሄደ፤ የወፍራምና የቀጭን ማስተካከያዎቹ ሄዱ፤ «ሞኖ» የሚለው ቁልፍም ሄደ። ንጽሕና ያለው ድምፅ በፈለጉ ሰዎች ዘንድ እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ እንቅፋት ተቆጠረ። ሸክላ ዳግመኛ ሲወደድ መግቢያው ተመለሰ፤ ሌሎቹ ግን በአብዛኛው በዚያው ቀሩ። ያገለገለ ሣጥን የምፈልግበት ምክንያት እንግዲህ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የተጣሉት ቁልፎች ለእኛ ሸክላዎች ያስፈልጋሉ።

የእኛ ሸክላ ታሪክ ከማጉያ ታሪክ ይቀድማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ በርሊን ላይ ድምፃቸውን ሲያስቀርጹ የኤሌክትሪክ ቀረጻ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር። በጡሩምባ ፊት ቆመው ዘፈኑ፤ የድምፃቸው ኃይል ራሱ መቅረጫውን ገፍቶ ሰሙን አረሰ። በዚያ ዘዴ የሚያዘው ድምፅ ከ250 እስከ 2,500 ኸርዝ ገደማ ያለው ብቻ ነበር። ማንም ሆን ብሎ ያሳነሰው ወፍራም የለም፤ ያጎላው ቀጭንም የለም። ይህን ሸክላ በዛሬው ልክ ያጫወተ ሰው ያልተጻፈ ቤዝ ፍለጋ የሸክላውን ጉርምርምታ ያጎላል፤ ከዘፋኙ ድምፅ የተረፈውን ጥቂት ቀጭን ደግሞ ያፍናል። ሰም በሌለበት ወርቅ እፈታለሁ ብሎ ግጥሙን እንደሚያበላሽ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሸክላ በእጁ ያለ ሰው ለባለ 78 ዙር የተሠራ ወፍራም መርፌና ማስተካከያውን የሚመርጥበት ቁልፍ ያሻዋል።

ሁለተኛው ዘመናችን ሌላ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ያንን ተዳፍሮ የራሱን የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር፤ የታተመውም ሕንድ አገር ነው። ኩባንያው እስከ 1975 ሠራ፤ ከዚያ አምሃ አገር ለቆ ወጣ። አሳታሚውም ዘፋኙም በ2021፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ዐረፉ። እነዚህ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች የታተሙት ከ1954ቱ ስምምነት ብዙ ዓመት በኋላ ነውና የጋራው ልክ ይበቃቸዋል። በእጄ ካሉት ግን ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ብዙ ግብዣም አይተዋል።

የሞኖው ቁልፍ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በሞኖ ሸክላ ድምፁ የተጻፈው መርፌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚሄድበት ብቻ ነው። የስቴሪዮ መርፌ ግን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀጥቀጡንም ያነባል፤ በዚያ አቅጣጫ ያለው ደግሞ አቧራ፣ ጭረትና የአሮጌ መርፌ ጠባሳ እንጂ ዘፈን አይደለም። ሁለቱን መስመሮች አንድ የሚያደርገው ቁልፍ ሲጫን የላይና የታቹ ረብሻ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ዘፈኑ መሐል ላይ ይቆማል። ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ ስናልፍ የምናጣው አንድም ነገር የለም፤ ከጭረቱ ግን ብዙ እንገላገላለን። ይህ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ ነው።

እንግዲህ ምርጫው። «ሞዴል 7» ለሰብሳቢዎች እንጂ ለአድማጮች የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ዋጋው ከእኔ አቅም ወጥቷል። ኳድ 22 ውብ ነው፤ ነገር ግን የራሱ የኃይል ምንጭ የለውም፤ ከኳድ ዋና ማጉያ ነው የሚመገበው። ብቻውን የገዛው ሰው መጋቢ የሌለው ሣጥን ይዞ ይቀራል። በ1967 የመጣው በትራንዚስተር የሚሠራው ኳድ 33 ከዚህ ጥገኝነት ነጻ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ከ5,000፣ ከ7,000 ወይም ከ10,000 ኸርዝ በላይ ቀስ አድርጎ የሚቆርጥ ማጣሪያም አለው። ለተጫረ ሸክላ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ከእነዚህ ጎን በ1970ዎቹ ጃፓን የተሠሩ፣ ስም የሌላቸው ያህል የተረሱ ትራንዚስተር ሣጥኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የሸክላ መግቢያ፣ ማጣሪያና የሞኖ ቁልፍ አሟልተዋል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ጀርባው ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው 220 ነው። የቮልት መምረጫ የሌለውን የገዛ ሰው ማውረጃ ትራንስፎርመር ይጨምር። ቀጥሎ የድምፅ ማዞሪያው ይዞር፤ ኩርሽሽ ቢል በማጽጃ ይድናል፤ አንዱ መስመር ከሌላው ቢያንስ ግን ነገሩ ጠለቅ ያለ ነው። በሲዲ ብቻ አስደምጦ የሚሸጥ ነጋዴ ዋናውን ክፍል አላሳየም፤ ሸክላ አምጡልኝ ማለት ነው። ሸክላ ሳይጫወት ማዞሪያው ከፍ ብሎ እምምታ ቢሰማ፣ ከመሬት መስመሩ አለመገናኘት ወይም በዕድሜ ከደረቁ ካፓሲተሮች ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ይለወጣሉ፤ ጎበዝ የራዲዮ ጠጋኝ ያለበት ከተማ ውስጥ የሃምሳ ዓመት ሣጥን ገና ጎልማሳ ነው።

እኔ የመረጥኩት ከጃፓኖቹ አንዱን ነው። ምክንያቴ ድምፁ ከሁሉ ስለሚበልጥ አልነበረም። ካሉኝ ሸክላዎች ጋር ቋንቋው ስለሚገጥም ነው። ክላሲካል የስቴሪዮ ሸክላ ብቻ ለሚሰበስብ ሰው የሞኖ ቁልፍ ከንቱ ጌጥ ነው፤ የተሰማ እሸቴን ሸክላ ከአያቱ ለወረሰ ሰው ደግሞ የእኔ ምርጫ አይበቃውም። አንባቢ ሆይ፣ ምክር ካስፈለገህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከሣጥኑ በፊት መደርደሪያህን ተመልከት። ሸክላዎችህ በየትኛው ዘመን ሰዋስው እንደተጻፉ ለይ፤ ከዚያ ያንን ሰዋስው የሚያውቅ አንባቢ ፈልግላቸው። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ጥቂት ይበላል፤ የማይመጥነው መርፌም ይበልጥ ይበላዋል። እነዚያ ድምፆች ሌላ ቅጂ ላይኖራቸው ይችላልና፣ የሚነበቡበት ጊዜ ሳያልፍ በትክክል ይነበቡ።