የደባርቅ በርና የገደሉ ዋልያ

ባሕር የሌለው ደጋ ወደብ አለው ቢባል አንባቢያችን ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅን ጥቂት አለፍ ብሎ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲቆም፥ ደጋው ከእግሩ ሥር ድንገት ተቆርጦ፥ ቆላው በጉም ተሸፍኖ እንደ ባሕር ተኝቶ ያገኘዋል። ከጉሙም መካከል አምባዎቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ይላሉ። ደባርቅ የዚህ ባሕር ወደብ ናት ማለታችን ስለዚህ ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከምጽዋ በአድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ለሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ዋነኛው መውጫ ሊማሊሞ ነበረ። ጨውና ጨርቅ በዚህ ይወጣል፤ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚህ ይወርዳል። በ1762 ዓ.ም. ይህን አቀበት ወጥቶ ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ መንገዱ ክፋት በሰፊው ጽፏል፤ ቀረጥ ተቀባዮቹም ከዚያው እንደነበሩ አልዘነጋም። መርከብ በሌለበት ወደብ እንኳ ቀረጥ አለመቅረቱ አያስደንቅም።

ሰው የሚያልፍበት በር ይህ ነው። ሰው የማያልፍበት ደግሞ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ እስከ ጃናሞራና በየዳ አዋሳኝ የተዘረጋው ታላቁ ገደል ነው። ዋልያ የሚኖረው በዚህ ገደል ላይ ነው፤ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። ወንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፥ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ቀንድና ጥቁር ጢም አለው። ሰውና ውሻ ሊከተሉት በማይችሉት የድንጋይ ደረጃ ላይ ሣሩንና የአስታውን ቅጠል እየቀነጠበ ይውላል። የደሴት ሰው በባሕሩ እንደሚጠበቅ ዋልያም ገደሉ ጠበቀው፤ የደሴት ሰው ከባሕሩ ማዶ መሸሻ እንደሌለው ለዋልያም ከገደሉ ሌላ መሸሻ የለውም።

በ1824 ዓ.ም. ክረምት፥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የስሜን ገዥ በነበሩበት ጊዜ፥ ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ የፍራንክፉርት ሊቅ ወደ ስሜን መጣ። ወደ አገሩም ተመልሶ የዚህን አገር እንስሳት በመጽሐፍ ሲያስተዋውቅ ስማቸውን ከአገሬው አፍ እንደ ሰማው ወሰደው። የዛሬው የሳይንስ መዝገብም ዋልያን ዋልያ፥ ጭላዳንም በፈረንጅ አፍ ገላዳ ብሎ ይጠራል፤ ቀይ ቀበሮውም የስሜንን ስም ይዞ በዓለም ይታወቃል። የስሜን ገበሬ ለላቲን መዝገብ ቃል ማበደሩን ብዙ ሰው አያውቅም። ደጃዝማች ውቤ ግን ሌላ አሳብ ነበራቸው። በጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሯት ሊነግሡባት ነበረ። የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና ድል አድራጊው ካሳ ኃይሉ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ጠመንጃ በአገሩ እየበዛ ሲሄድ ገደሉ ብቻውን ጠባቂ መሆኑ ቀረ፤ ሰው ባይደርስበት ጥይት ይደርስበታልና። ሥጋው ይበላል፥ ቀንዱም የመጠጥ ዋንጫ ይሆናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ ጣልያኖች በሊማሊሞ ላይ የመኪና መንገድ ቈረጡ፤ የጦር መሣሪያም በየቤቱ ቀረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቀረው ዋልያ ከ200 የማይበልጥ ሆኖ ተገመተ።

መንግሥትም በጥቅምት 1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በሕግ አቋቋመ። ከዚያ ጥቂት አስቀድሞ በጥበቃው ኃላፊነት ያገለገለው የዌልስ ተወላጅ ክላይቭ ኒኮል ያየውን ድካም በመጽሐፍ አውጥቶታል። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኔስኮ የዓለምን ቅርስ መዝገብ ሲከፍት፥ በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች ስሜንና ላሊበላ ሁለቱ ነበሩ። ክብሩ ታላቅ ነው። ነገር ግን ክብር ሲሰጥ ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው። በፓርኩ ክልል ውስጥ ገብስ የሚዘሩ፥ በግ የሚያረቡ ሰዎች ከፓርኩ በፊት ነበሩ። በዚያው በ1970ዎቹ መባቻ ከገደሉ ግርጌ ያሉት መንደሮች ያለ ፈቃዳቸው ተነሡ። በ1989 ዓ.ም. ስሜን አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹም የዋልያው መመናመንና የእርሻው መስፋፋት ይገኙበታል። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከደጋው ሜዳ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በዓመቱ በ2009 ዓ.ም. ቅርሱ ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ።

የዋልያው ቁጥር በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 865 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረደ፤ በ2024 በተደረገው ቈጠራ 306 ብቻ ተገኙ። በዘጠኝ ዓመት ያህል ጊዜ ከግማሽ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ገበሬው ብቻ ነው የጎዳው ይሉ የነበሩት እዚህ ላይ ምን እንደሚመልሱ እኛ አናውቅም፤ ቁጥሩ የወረደው ግጭ ባዶ ከሆነ በኋላ ነውና። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትና ከእርሱ በኋላ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጠባቂውን ከገደሉ አራቀው፥ አዳኙን አቀረበው፥ እንግዳውንም ከመንገዱ አስቀረው። በቅሎ የሚያከራየው፥ ስንቅ የሚሸከመው፥ መንገድ የሚመራው የደባርቅ ሰው ኑሮው በእንግዳው ነበረና ወደቡ ያለ ተሳፋሪ ሰነበተ።

የግጭ ሜዳ ዛሬ የሚታረስ ማሳ አይደለም፤ ጓሳው ተመልሶ እየሸፈነው ነው። ማሳውን ያርሱ የነበሩት ሰዎች ደባርቅ ላይ በቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ፤ ገብሱንም እንደ ሌላው የከተማ ሰው ከገበያ ይገዙታል።